ስለ መጋቢትና ስለ ሚያዝያ ነፋስ በይፋት ቆላ

ነፋስ ማለት ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚንቀሳቀስ አየር ነው። አየር በዐይን አይታይም፤ ነገር ግን ቅጠል ሲያወዛውዝ፥ ትቢያ ሲያስነሣ፥ የጎጆ ክዳን ሲገልጥ ሥራው ይታያል። በይፋት ቆላ፥ ይልቁንም ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው አገር፥ ይህ ሥራ አብልጦ የሚታየው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ይህ ወራት ገበሬ ዘሩን ይዞ ሰማይ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ የነፋሱን ምክንያት ማወቅ ለትምህርት ብቻ ሳይሆን ለእንጀራም ይጠቅማል።

በባሕረ ሐሳብ ቍጥር ሐጋይ፥ ማለት በጋ፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ይቈያል፤ ጸደይም ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል። ገበሬ ግን ወራትን በዝናም ስለሚቈጥር፥ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን በልግ ይለዋል። ዛሬ ብዙ ሰው ጸደይ የሚለው የመስከረምን የአበባ ወራት ነውና፥ መምህራን ሁለቱን አጠራር ለይተው ያስረዱ።

የአገሩ አቀማመጥ።

አጣዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ነው፤ ሸዋ ሮቢት ከዚህ ጥቂት ዝቅ ትላለች። በስተምዕራብ የመንዝ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ በዚያ ያለው የጓሳ ምድር ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በስተምሥራቅ ግን ምድሩ እያዘቀዘቀ ወደ አዋሽ ወንዝና ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት በአጣዬ ያለውን ሰው ላብ ሲያጠምቀው፥ በጓሳ ያለው ጋቢ ይደርባል። ብርድና ሙቀት እንዲህ ጎን ለጎን በተቀመጡበት አገር ነፋስ አይጠፋም።

የነፋሱ ምክንያት።

በምድጃ እሳት ሲነድ ጢሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በበሩም ሥር ቀዝቃዛ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ስለ ምን ቢሉ፥ አየር ሲሞቅ ይሰፋል፥ ሲሰፋ ይቀላል፥ ሲቀልም ሽቅብ ይወጣል፤ ስፍራውንም ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ይይዘዋል። በምድር ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ምድጃው በፀሓይ የጋለው መሬት ነው።

መጋቢት 12 ቀን ገደማ ፀሓይ በምድር ወገብ ላይ ትሆናለች። ከዚያም ወደ ሰሜን ስትገሠግሥ ሚያዝያ 9 ቀን ገደማ በአጣዬ በሰው ራስ ላይ ትቆማለች። በዚያን ቀን፥ ስድስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሲሆን፥ ቀጥ ብሎ የተተከለ ዘንግ ጥላው ከእግሩ ሥር ይጠፋል። ይህን ለተማሪዎች በግልጥ ማሳየት ከብዙ ቃል ይበልጣል። መሬቱም በዚያ ጊዜ አዝመራ የተነሣበትና የደረቀ ስለ ሆነ፥ ፈጥኖ ይግላል።

የይፋት ቁልቁለት ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነውና የጧት ፀሓይ ያገኘዋል። ገመገሙ ሲሞቅ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፥ የቆላውም አየር ይከተለዋል፤ ይህ ነፋስ ከቀትር በኋላ ይበረታል። ፀሓይ ስትጠልቅ ደጋው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛውም አየር እንደ ውሃ በየሸለቆው ቁልቁል ይፈስሳል።

በቀትር በሜዳ ላይ ትቢያ እያሽከረከረ እንደ ዐምድ የሚቆመውን ዐውሎ አንዳንድ ሰው የጋኔን ሥራ ነው ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ከሜዳው አንዱ ክፍል ከሌላው አብልጦ ሲግል፥ በላዩ ያለው አየር በድንገት ይወጣል፤ ከዙሪያው የሚገባውም አየር እርስ በርሱ ሲጋፋ ይሽከረከራል። መሬት በዝናም በራሰ ጊዜ አለመነሣቱ ለዚህ ምስክር ነው።

በግብፅም በዚሁ ወራት ከበረሃ የሚነሣ ትኩስ ነፋስ አለ። ስሙ ኀምሲን ይባላል፤ በዐረብኛ አምሳ ማለት ነው፤ አምሳ ቀን ያህል እየተመላለሰ ይነፍሳል ስለሚባል ነው። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው የስሙን ዝምድና ሳይነገረው ይረዳዋል።

ነፋስና የበልግ ዘር።

የበልግ ዝናም የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዐረብ ባሕር እርጥበት ተሸክሞ በሚነፍስ ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ ከደጋው ገመገም ጋራ ሲጋጠም ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ደመናና ዝናም ይሆናል። እርጥበት የሌለው ነፋስ የነፈሰ እንደ ሆነ ግን፥ የታጠበ ነጠላ በነፋሻ ቀን ቶሎ እንደሚደርቅ፥ መሬቱን ያደርቀዋል። የመጀመሪያው ዝናም ጥቂት ጥሎ ሲያቆምና ደረቅ ነፋስ ሲከተለው፥ በሚያዝያ የተዘራው ማሽላ በቅሎ ይጠወልጋል። ዘሩ ጠፋ ማለትም የዓመቱ ቀለብ ጎደለ ማለት ነው። በ1976 ዓ.ም. በወሎና በሰሜን ሸዋ በልጉ ቀርቶ፥ ክረምቱም ሳይረዳ፥ በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረኃብ ሽማግሎች ያስታውሱታል።

ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ እርጥበቱ ስንዝር ያህል ወደ ታች መግባቱን ቈፍሮ ሳያይ አይዘራም፤ ዘሩንም ሁሉ በአንድ ቀን አይጨርስም። ማሽላው ቢጠፋ በክረምት የሚዘራውን፥ ቶሎ የሚደርሰውን ማሾ ወይም ጤፍ ያስቀምጣል። የማሽላው አገዳ ከማሳው ሁሉ ተለቅሞ ባይወሰድ፥ በነፋሱም መምጫ በኩል ግራር ወይም ቅንጭብ ቢተከል፥ ዐፈሩ አይጠረግም። በነዚህ ወራት በነፋሻ ቀን ማሳ ማቃጠል አይገባም፤ እሳቱ ወደ ጎጆ ይሻገራልና። ትቢያ የገባበትም ዐይን በንጹሕ ውሃ ይታጠብ እንጂ በእጅ አይታሽ።

ነፋስ ግን ጠላት ብቻ አይደለም። በአውድማ ላይ በመንሽና በላይዳ የተበተነውን እህል ከገለባው የሚለየው እርሱ ነው። በ2006 ዓ.ም. በመቀሌ አጠገብ የተመረቀው የአሸጎዳ ጣቢያም ከነፋስ 120 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኀይል እንዲያወጣ የተሠራ ነው።

መምህራን በትምህርት ቤቱ ግቢ ረጅም ዘንግ ተክለው በጫፉ ቁራጭ ጨርቅ ይሰሩ። ተማሪዎችም ጧት፥ ቀትርና ማታ ነፋሱ ከወዴት እንደ መጣ፥ ዝናምም የጣለበትን ቀን ይጻፉ። ሽማግሎችም ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን የዘር ጊዜ ምልክት ይንገሯቸው፤ እርሱም ከመዝገቡ ጋራ ይመዛዘን። ይህ ጥቂት ዓመት ከተጠራቀመ በኋላ፥ የመንደሩ ገበሬ የመጀመሪያውን ዝናም አምኖ ከመዝራቱ በፊት የሚጠይቀው ምክር ይሆናል።