ቺንቺላ በአደራ ወደ ቤታችን ሲመጣ



ፍየል ወይም በግ ስትታመም መለየት ለብዙዎቻችሁ አዲስ ትምህርት አይደለም። እዚህ ግን ልጆቻችን በትምህርት ቤቱ የእንስሳት ማእዘን (ፒናት ሐይ) ከማናውቃቸው እንስሳት ጋር ይለማመዳሉ። አንዱ ቺንቺላ ነው። አንዳንዱ ልጅ በዕረፍት ጊዜ እንዲጠብቀው ቤት ይዞት ይመጣል። በልጁ እጅ ከሞተ ጥፋቱን በራሱ ላይ ስለሚያደርግ፣ አደራው የወላጅም ነው።

ቺንቺላ ጥንቸልና አይጥ የሚመስል፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን እንስሳ ነው። የትውልድ ቦታው በደቡብ አሜሪካ የአንዴስ ተራሮች ነው። የደጋ እንስሳ በመሆኑ ሙቀት ይገድለዋል። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ ስለሚቸገር፣ በተለይ በሻራብ ቀን በረንዳ ላይ አትተዉት።

ዋና ምግቡ ድርቆሽ ነው። ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ድርቆሽ እያኘከ ያሳጥረዋል። ዘቢብ፣ ለውዝና ብስኩት ሆዱን ያበላሹታል። በውኃ አይታጠብም። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ ከሱቅ በሚገዛ ልዩ ደቃቅ አፈር ውስጥ ይንከባለላል። የባሕር አሸዋ አይሆንም።

ቀን ቢተኛ አትደንግጡ፤ የሌሊት እንስሳ ነው። የፊት ጥርሱም ብርቱካንማ ቢሆን ጤና ነው። የሚያሰጋው ቺንቺላ ሕመሙን መደበቁ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ሁለት ነገር እዩ፦ ድርቆሹ ጎድሏል ወይ? በጠጡስ እንደ ትናንቱ ነው ወይ?

የሕመም ምልክቶች፦
• መብላት ማቆም፣ የበጠጥ ማነስ ወይም መጥፋት፤
• አገጩ በለሃጭ መራስ (የጥርስ ሕመም ሊሆን ይችላል)፤
• ከዓይን ወይም ከአፍንጫ ፈሳሽ መውጣት፤
• ጆሮው ቀልቶ፣ በጎኑ ተጋድሞ ማለክለክ። ይህ ሙቀት ሲመታው ነው፤ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ክፍል አስገቡት፤ በረዶ ውኃ ውስጥ ግን አትንከሩት።

ከነዚህ አንዱን ካያችሁ «ነገ ይሻለዋል» አትበሉ። መብላት ካቆመ አንጀቱ ሥራ ሊያቆም ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም (ቬቴሪናር) ደውሉ። ቺንቺላ ያክም እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ኩፓት ሆሊም እንስሳ አያክምም፤ ሕክምናው በክፍያ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ የመጣውን የዕብራይስጥ ወረቀት ሳትረዱ አትፈርሙ። ቢታመም ለማን እንደሚደወልና ማን እንደሚከፍል መምህሩን ጠይቁ። ቤታችሁ ሞቃት ከሆነ «አንችልም» ማለትም ነውር አይደለም።