ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ጽሑፍ

ባለፈው መስቀል ቡታጅራ ነበርኩ። ክትፎው ተበልቶ፣ ቡናው በረካ ደርሶ፣ ትልልቆቹም ወደየጥጋቸው ካዘነበሉ በኋላ የእህቴ ልጅ ፍላሽ ይዞ መጣና ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካ። "ጋሼ፣ ይቺን ፊልም ሳያዩ አይሄዱም" አለኝ። ፊልሙ ተባዝቶ የመጣ እንጂ የተገዛ እንዳልሆነ ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም። ስለ ቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሁለት ነገር ተናግሬ፣ ትራሴን አመቻቸሁና እስከ መጨረሻው አየሁት። አንባቢ ይፍረደኝ።

ልጁ 19 ዓመቱ ነው፤ በረኛ ነው። ይህንን ፊልም ለምን እንደመረጠ ወዲያው ገባኝ። ሌላም ጉዳይ እንደነበረው የገባኝ ግን ኋላ ነው።

ፊልሙ "ኔክስት ጎል ዊንስ" ይባላል፤ ሲመሽብን በሰፈር ኳስ "አሁን ያገባ አሸነፈ" እንደምንለው መሆኑ ነው። ታይካ ዋይቲቲ የተባለው የኒውዚላንድ ሰው የሠራው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። ታሪኩ የአሜሪካን ሳሞአ ነው፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለች፣ ሕዝቧ 50 ሺህ ገደማ የሆነ የደሴቶች ግዛት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2001 ቡድኗ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በአውስትራሊያ 31 ለ 0 ተሸነፈ። የትየባ ስህተት አይደለም፤ ሠላሳ አንድ ለባዶ ነው። ኒኪ ሳላፑ የተባለው በረኛ 31 ጊዜ ጎንበስ እያለ ኳስ ከመረብ አወጣ። ከ10 ዓመት በኋላ ቶማስ ሮንገን የተባለ አሰልጣኝ ከአሜሪካ ሄዶ ቡድኑን ያዘ፤ በኖቬምበር 2011 ያው በረኛ ግቡ ላይ ቆሞ ቶንጋን 2 ለ 1 አሸነፉ።

የእህቴ ልጅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አልዋሽም፣ ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌያለሁ። "ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ እውነት ነው?" አለኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ፊልሞቹ ሲጀምሩ "በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ" ይሉናል። ቃሉን ልብ በሉት። መሠረቱ እውነት ነው አሉ እንጂ ግድግዳውና ጣሪያው እውነት ነው አላሉም። ሕጉም ቢሆን ለዚህ ሰፊ በር ከፍቷል። ከላይ ያነሳሁት አዋጅ በአንቀጽ 5 ሐሳብንና ጥሬ መረጃን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል፤ "እገሌ የተባለ ቡድን በእገሌ ቀን አሸነፈ" የሚለው ነገር የማንም ንብረት አይደለም፤ የፈለገ ሰው ፊልም ሊሠራበት ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ግን ታዋቂ ሰዎችንና በአደባባይ የተፈጸሙ ጉዳዮችን ከዚህ ክልከላ ያስወጣቸዋል። እንግዲህ በሺህ ሰው ፊት ኳስ የተጫወተ ሰው በየትኛው በኩል እንደሚወድቅ መገመት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከሜዳ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ያለው ነው፤ ፊልም ሠሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ያንን ነው።

ስፌታቸውም ቢሆን አንድ ነው። የሚሸነፍ ቡድን አለ። የተቀየመና ብዙውን ጊዜ የሚጠጣ አሰልጣኝ ይመጣል። በዝናብ ልምምድ ይሠራሉ፤ በእረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ውስጥ ንግግር ይደረጋል፤ በመጨረሻው ደቂቃ ጎል ይገባል። ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁርና ነጫጭ ፊደላት ይመጣሉ፤ እገሌ እንዲህ ሆነ፣ እገሊት እንዲህ ሆነች የሚለው። ተመልካቹ ጫማውን የሚፈልገው ያኔ ነው። እኔ ግን ሕግ ያበላሸኝ ሰው ስለሆንኩ ከፍርዱ ይልቅ አፈጻጸሙን እጠብቃለሁ። እውነቱም ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

አሜሪካን ሳሞአ ቶንጋን ካሸነፈች በኋላ ከኩክ ደሴቶች ጋር 1 ለ 1 ወጣች፤ ቀጥሎ በጎረቤቷ በሳሞአ 1 ለ 0 ተሸንፋ ከማጣሪያው ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1950 የዓለም ዋንጫ አሜሪካ እንግሊዝን 1 ለ 0 ያሸነፈችበት ጨዋታም በ2005 ፊልም ተሠርቶለታል። ጎሉን ያገባው የሃይቲው ተወላጅ ጆ ጌትጀንስ ነበር። በ1964 የዱቫልየር ሰዎች ፖርት ኦ ፕሪንስ ላይ ይዘው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

የራሳችንንም እናንሳ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ብሔራዊ ቡድናችን በግብፅ፣ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በምትባለው፣ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ከዚህ የተሻለ ፊልም ማን ይጽፋል? የዚያ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ተሰደደ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ አረፈ። ነጫጮቹ ፊደላት ይህንን ነው የሚሉት።

ይህንን ሁሉ ለልጁ ስነግረው "የኛስ ወልቂጤ?" አለ።

ልክ ነው። ፊልም ይሠራ ቢባል ከወልቂጤ ከተማ የበለጠ ለዚህ ስፌት የሚመች ክለብ አይገኝም። ቅጽል ስሙ ራሱ "ሠራተኞቹ" ነው፤ የፊልም ርእስ የሚሆን። በ2011 ዓ.ም. በሦስት ምድብ ተከፍሎ ይካሄድ በነበረው ከፍተኛ ሊግ ከሰበታ ከተማና ከሀዲያ ሆሳዕና ጋር አንደኛ ሆኖ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ምሳ የሚበላባት ከተማ ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከኢትዮጵያ ቡና ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ተጻፈች። ቡታጅራ ከተማ ያኔ እዚያው ከፍተኛ ሊግ ውስጥ ነበር፤ የቡታጅራ ልጆችም ትንሽ ቀንተው፣ ብዙ ተደስተው፣ "ሰዎቻችን ወጡ" አሉ። ፊልሙ እዚህ ላይ ማለቅ አለበት። ሙዚቃ፣ ጭብጨባ፣ ጨለማ።

የጽሑፉ ተራ ሲደርስ ግን ረጅም ነው። የመጀመሪያው ዓመት፣ 2012፣ በኮሮና ምክንያት መጋቢት ላይ ተቋርጦ በኋላ ተሰረዘ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን እንዲተላለፉ ሆኖ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ተካሄዱ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ወልቂጤ ከነዚህ አልነበረችም። ወደ ጅማ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ኳሱ ግን እዚያ አይቆምም። የወልቂጤ ሰው ቡድኑን "በሜዳው" የሚያየው ዲኤስቲቪ ባለበት ቤት ለስላሳ አዝዞ ነበር። ለስርጭቱም ሆነ ለጸጥታው ምክንያት እንደነበረው አልክድም፤ ግን ቡድን ከሜዳው ሲለይ የመግቢያ ትኬቱ ብቻ አይደለም የሚቀረው። ሥራ አስኪያጁን በር ላይ ይዞ "ደመወዝ ከፈላችሁ ወይ?" የሚለው ደጋፊም ይቀራል።

ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ነበርኩ፣ ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም.። ኢትዮጵያ ካሜሩን ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ስትጫወት ጌታነህ ከበደ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ፤ 1 ለ 1 አለቀ። ጌታነህ ያኔ የወልቂጤ ከተማ ተጫዋች ነበር። ቤቱ ውስጥ የተነሳውን ጩኸት መጻፍ አልችልም። ከጎኔ የነበሩ አዛውንት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ "ይኼን ልጅ ማነው የሚከፍለው?"

አዛውንቱ ከሁላችንም የበለጠ ሕግ ያውቁ ነበር። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በነሐሴ 2011 ዓ.ም.፣ ወልቂጤ ወደ ሊጉ በገባበት ክረምት መሆኑ ነው፣ ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ወርሐዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀለት። ጣሪያው ራሱ ለትንሽ ከተማ ሰማይ ነበር። ሃያና ሃያ አምስት ተጫዋች አስቡና አባዙት። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ወልቂጤ ውስጥ ጀሪካን ይዘው የውኃ ችግራቸውን ለማሰማት የወጡ ሰዎች ላይ ጥይት ተተኩሶ ሰዎች ሞተዋል። ውኃውን የኳሱ ገንዘብ ወሰደው አልልም፤ እንዲህ ብሎ ለመናገር ማስረጃ ያስፈልጋል። ነገር ግን ቧንቧዋ የደረቀ እናት የአጥቂ ደመወዝ ከየትኛው ኪስ እንደሚወጣ ብትጠይቅ ስፖርት አልወደደችም ሊባል አይገባም። እኔም ኳስ ወዳጅ ሆኜ ይህንን ጥያቄ መመለስ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ስለ ወልቂጤ ከተማ የምንሰማው ከጎሉ ይልቅ ያልተከፈለ ደመወዝ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ከሊጉ የወረዱት ሻሸመኔ ከተማና ሐምበሪቾ ነበሩ፤ ወልቂጤ በነጥብ ተርፎ ነበር። ሆኖም የ2017 ውድድር ሲጀመር ሰንጠረዡ ላይ የለም። ያወጣው ተጋጣሚ ሳይሆን የክለብ ፈቃድ ነው።

የክለብ ፈቃድ ማለት፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ባወጣው ሥርዓት መሠረት፣ አንድ ክለብ ከመወዳደሩ በፊት በአምስት ነገሮች የሚመዘንበት ፈተና ነው፤ በስፖርቱ፣ በመሠረተ ልማቱ፣ በአስተዳደርና በሰው ኃይሉ፣ በሕጋዊ አቋሙና በገንዘብ አያያዙ። የታዳጊ ቡድን አለህ? ሜዳህ የት ነው? ባለቤትህ ማነው? የሰው ደመወዝ ይዘሃል? የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ ሰው "የቢሮክራሲ ነገር" ብሎ ተናዷል። እኔ አልተናደድኩም። ያልተከፈለው ተጫዋች ሌላ ጠበቃ የለውም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በ1950ዎቹ የጉራጌ ሰው ከመርካቶ ሱቅና ከየመንደሩ ብር እያዋጣ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሟል። ከዓለም ገና ቡታጅራን አልፎ ሆሳዕና የሚደርሰው መንገድ የዚያ መዋጮ አሻራ አለበት። አባል ነበረው፣ ደረሰኝ ነበረው፣ ገንዘቡ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበረው። ለመንገድ ያወቅነውን ዘዴ ለክለብ ለምን እንደረሳነው አላውቅም። የከተማው ሁሉ የሆነው ክለብ ሒሳብ ሲመጣ የማንም ሳይሆን ቀረ።

ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ የእህቴ ልጅ ከኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ለካስ ጉዳዩ ይኼ ነበር። አንድ ክለብ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሊያስፈርመው ነው። ሁለት ገጽ ነው። የደመወዙ ልክ ተጽፏል፤ የሚከፈልበት ቀን አልተጻፈም። ክለቡ "በማንኛውም ጊዜ" ሊያሰናብተው ይችላል፤ እሱ ግን ውሉ ሳያልቅ ንቅንቅ አይልም። የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ በአንቀጽ 14 ቢስ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ከሰጠ በኋላ ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ እንደሚችል ይናገራል፤ ብሔራዊ ፌዴሬሽኖችም የራሳቸውን ደንብ ሲያወጡ ይህንን መርህ ታሳቢ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። የመክፈያ ቀን በሌለበት ውል ላይ ግን ሁለቱ ወር ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል? ይህንን አስረዳሁት። በእርሳስ ጎን ጎኑን ጻፍኩለት።

"ጋሼ፣ እንዲህ ብዬ ስጠይቃቸው ሌላ በረኛ ቢወስዱስ?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱን መልሶ አጠፈው።

በሳምንቱ ደወለ። የመክፈያውን ቀን ጽፈውለታል፤ የስንብቱን አንቀጽ ግን አልነኩትም። ፈርሟል።