የወሎ ዑለማ ታሪክ በዩኒቨርሲቲ መምህር ብዕር

የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ ከባቲና ከከሚሴ የመጣን ተማሪዎች ቀድመን ልናነበው የሚገባ አንድ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና በእንግሊዝኛ ጽፈው በ2001 እ.ኤ.አ. በሆላንዱ ብሪል አሳትመውታል። መነሻው በ1985 በበርሚንግሃም ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ነው፤ ርዕሱም «ዑለማ፣ ነጋዴዎችና ባላባቶች» የሚል ነበር።

ነጋዴ እዚህ ምን ያደርጋል የሚል ካለ የባቲን የሰኞ ገበያ ያስብ። ደገኛውና አፋሩ የሚገናኙበት መንገድ ሸቀጥ ብቻ አያመላልስም፤ ደረሳና ኪታብም በዚያው ያልፋል።

በትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ ወሎን የሚያነሳው በ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤና ሙስሊሙ እንዲጠመቅ በወጣው ትእዛዝ ነው። ፕሮፌሰሩ ግን የሚጀምሩት ከዚያ ቀድሞ ነው፤ ሸሆቹ በማስተማርና በጦሪቃ ሕዝቡን እንዴት እንዳነጹ ይተርካሉ። የሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ተቃውሞ ከየት እንደመጣ የሚገባንም ይህን ካነበብን በኋላ ነው። እንደኔ የመጽሐፉ ዋና ጉልበት ይሄ ነው።

ምንጮቻቸው የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎችና የሽማግሌዎች ቃል ናቸው። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ዛሬም በየቤቱ አሉ፤ ምስጥና ዝናብ ግን አይጠብቃቸውም። ለእረፍት ስትሄዱ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በስልክ አንሱ፤ የገጹን ቅደም ተከተል አታዛንፉ፤ የማን እንደሆነና ከማን እንደተወረሰ ጻፉበት፤ ኪታቡን ግን ከቤቱ አታውጡ።