ወተቱ ለልጅ፣ ሻዩ ለአያት

አንድ ሊትር ወተት ቤት ሲገባ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የልጆቹ ነው። አያት አጠገባቸው ቁጭ ብለው ዳቧቸውን በሻይ እያራሱ ይቀማምሳሉ። ቢቀዳላቸው እንኳ «ለልጆቹ ስጧቸው፤ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?» ይላሉ። እንዲህ የሚሉ አያት እኛም ቤት ነበሩ። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ያለሰው እርዳታ አልቆሙም።

ሰው ሲያረጅ ሆዱ ትንሽ ይበቃዋል፣ ጥርሱ ሥጋ አልችል ይላል፣ ጡንቻው ግን ያው ይጠይቃል። እንዲያውም የበለጠ ይጠይቃል። ለወጣት በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን ይበቃል ሲባል፣ ለአዛውንት ከ1 እስከ 1.2 ግራም የሚመክሩ ባለሙያዎች አሉ። 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ይህ ከ50 እስከ 60 ግራም መሆኑ ነው። ሻይና ዳቦ እዚያ አያደርስም።

በዚህ ጉዳይ እስካሁን ካየሁት ሁሉ ልቤን የሞላው በአውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ግዛት የተካሄደው ሙከራ ነው። 60 የአረጋውያን መጦሪያዎችና 7,195 ነዋሪዎች ተሳተፉበት፤ አማካይ ዕድሜያቸው 86 ነበር። ግማሾቹ መጦሪያዎች ምግባቸውን እንደወትሮው ቀጠሉ፤ በቀሩት ወጥ ቤቱ ወተት፣ እርጎና አይብ ጨመረ። ጭማሪው ምግብ እንጂ ክኒን አልነበረም። የነዋሪዎቹ ካልሲየም በቀን ወደ 1,142 ሚሊግራም፣ ፕሮቲናቸው ወደ 69 ግራም ደረሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እንደወትሮው ከቀጠሉት ጋር ሲነጻጸር፣ ስብራት በ33 በመቶ፣ የዳሌ ስብራት በ46 በመቶ፣ መውደቅ ደግሞ በ11 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ታተመ። ዕድሜ ግን አልረዘመም፤ የሟቾች ቁጥር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር። ከወጪው ከፊሉን የወተት ኢንዱስትሪው መሸፈኑንም አንባቢ ይወቅ።

እነዚያ አረጋውያን ቀድሞም ካልሲየምና ፕሮቲን ያነሳቸው ነበሩ። የጎደለው ሲሞላ ለውጥ መጣ፤ የጠገበውን ማጥገብ ሌላ ነገር ነው። በዚያው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የስዊድን ጥናት ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሎ፣ በቀን ሦስት ብርጭቆና ከዚያ በላይ ወተት የሚጠጡ ሴቶች ዘንድ ሞትም ስብራትም በዝቶ አግኝቷል። እርጎና አይብ በሚያዘወትሩት ሴቶች ዘንድ ግን ሁለቱም አንሰዋል። ክትትል እንጂ ሙከራ ስላልነበረ ወተቱ ነው ገዳዩ አያሰኝም፤ ብርጭቆ መደርደር ግን ጤና እንዳልሆነ ያሳስባል።

እርጎ ላይ እኛ እንግዳ አይደለንም። በወይራ የታጠነ ቅል ውስጥ ያደረ ወተት የላክቶሱ ከፊል ስለሚብላላ፣ ትኩስ ወተት ሆዳቸውን የሚነፋቸው አዛውንቶች እንኳ ይስማማቸዋል። ወተቱ አስቀድሞ ቢፈላ ይሻላል፤ ጥሬው ብሩሴሎሲስ ሊያመጣ ይችላል።

ከዚያ ጾሙ አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት እየተባለ ለምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይሆናል። አጥብቀው የሚጾሙት ደግሞ አዛውንቶቹ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፤ እርጅናን ሕመም ብሎ የሚቀበል ሽማግሌ ግን ከየት ይመጣል? ስለዚህ በጾሙ ሽሮውና ምስሩ እንዳያንስ ማሰብ፣ በፍስኩ ደግሞ እርጎውን ወደ አዛውንቶቹ ማስጠጋት የቤተሰቡ ፈንታ ነው።

አይቡም ቢሆን ጉድ አለው። ወተቱ ተንጦ ቅቤው ገበያ ይወጣል፣ አሬራው ይሞቅና አይብ ይሆናል። ለስላሳ ነው፣ ጥርስ አይፈልግም፣ ፕሮቲን ሞልቶታል። ካልሲየሙ ግን በአሬራው ኮምጣጣነት ስለሚሟሟ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወርዳል። አጓቱስ? ለጥጃዋ ይሰጣል። አያትም ይህን ቢሰሙ፣ «ይሁን፤ እሷም ልጅ ናት» ማለታቸው አይቀርም።