ሳይታሰብ የሚጠፋው ኮምፒዩተር

ጨርሶ የተበላሸ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ለጥገና አያስቸግርም። የተቃጠለ አምፖል ይለወጣል፤ የተበጠሰ ሽቦ ይቀጠላል። አስቸጋሪው አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ የማይሠራ ዕቃ ነው። ጠጋኙ ዘንድ ሲደርስ ደህና ሆኖ ይገኛል፤ ቤት ሲመለስ ሕመሙ ይነሣበታል። ጂም ግሬይ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1985 ኮምፒዩተሮች ለምን እንደሚቆሙ ባቀረበው ጽሑፍ የሶፍትዌር ስህተቶችን በሁለት ከፍሎ ነበር። አንደኞቹ በተመሳሳይ ሁኔታ ዘወትር የሚደጋገሙ በመሆናቸው በኒልስ ቦር ስም ተሰይመዋል፤ ሁለተኞቹ ግን ሊመለከቷቸው ሲሉ የሚሰወሩ ስለሆኑ የቬርነር ሃይዘንበርግ ስም ደርሷቸዋል። የስያሜው ቀልድ ለፊዚክስ ተማሪዎች ግልጽ ነው። እኛ እዚህ የምንተርከው በሶፍትዌር ሳይሆን በዕቃው አካል ላይ ስለደረሰ ችግር ቢሆንም ጠባዩ ከሁለተኛው ዓይነት ጋር አንድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ፉሪ በሚኖር አንድ ተማሪያችን ቤት ነው። ፉሪ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ የጅቡቲ ባቡር የፉሪ ለቡ ጣቢያ ባለበት አካባቢ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ተጨማሪ ክፍሎች የተሠሩባቸው ግቢዎች ይበዙበታል። የተማሪያችን ክፍልም ከእነዚህ አንዱ ነው። ኮምፒዩተሩን ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ያመጣለት ሲሆን፣ ማታ ማታ ጌም ይጫወትበታል፣ ቀን ቀን ደግሞ የመመረቂያ ሥራውን ይሠራበታል። ታዲያ ይህ ኮምፒዩተር በጨዋታ መካከል አንዳንዴ ድንገት ጠፍቶ ይነሣል፤ አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል፤ አንዳንዴም ጌሙ ብቻ ይዘጋል። ተማሪያችን ዊንዶውስን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጫነ። መፍትሔ ሲያጣ ተበድሮ ሌላ ግራፊክስ ካርድ ገዛ። በዚያው ምሽት አራት ሰዓት ያህል ያለ ችግር ተጫውቶ «ዳነ!» አለ። በማግስቱ ሰማያዊው ስክሪን ተመለሰ።

ወደ እኛ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኛም ካቻቢቴ ከማንሣታችን በፊት ደብተር እንዲያነሣ ነገርነው። ኮምፒዩተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን ይሠራ እንደነበር፣ አጠፋፉ እንዴት እንደሆነና በግቢው ውስጥ ሌላ ምን ዕቃ በርቶ እንደነበር እንዲጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ የሚሠራበትንም ጠቅላላ ሰዓት እንዲመዘግብ አዘዝነው። የመጨረሻውን ትእዛዝ ብዙዎች ይዘነጉታል፤ ያለ እርሱ ግን ቀሪው መዝገብ ዋጋ የለውም ለማለት ይቻላል።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ኮምፒዩተሩ 60 ሰዓት ሠርቶ 17 ጊዜ ቆሟል። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ ያለ ምንም መልእክት ድንገት የጠፋባቸው ሲሆኑ፣ አሥራ አንዱ ሰማያዊ ስክሪን ወይም የጌም መዘጋት ናቸው። የዊንዶውስ የክንውን መዝገብም ይህንኑ ልዩነት አሳይቷል። ድንገተኞቹ «ከርነል ፓወር 41» የሚለውን ማስታወሻ ብቻ፣ የስህተት ቁጥሩም ዜሮ ሆኖ ትተዋል። ብዙ ሰው ይህን ማስታወሻ የበሽታው ስም አድርጎ ይወስደዋል። ትርጉሙ ግን «ባለፈው ጊዜ በወጉ አልተዘጋሁም» ከማለት የዘለለ አይደለም፤ ቁጥሩ ዜሮ መሆኑም ኮምፒዩተሩ የደረሰበትን ለመጻፍ እንኳ ጊዜ እንዳላገኘ ያመለክታል።

የግቢው መዝገብ ከዚህም በላይ ተናጋሪ ነበር። በቤቱ እንጀራ የሚጋገረው በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በሦስት ሳምንት ስድስት ሰዓት፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ ከሠራበት ጊዜ አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። ከስድስቱ ድንገተኛ መጥፋቶች አምስቱ የደረሱት በዚህ አንድ አሥረኛ ውስጥ ነው። ስድስተኛው የሰፈሩ መብራት በሙሉ የሄደበት ምሽት ነበር። ምጣዱና ኮምፒዩተሩ ግንኙነት የሌላቸው ቢሆኑ ኖሮ፣ ከስድስት ውስጥ አምስት ወይም ከዚያ በላይ በአጋጣሚ የመገጣጠም ዕድላቸው ከ18,000 አንድ ገደማ ብቻ ነው። ሰማያዊ ስክሪኖቹ ግን ከአሥራ አንዱ አንዱ ብቻ ከጋገራው ጋር የተገጣጠመ ሲሆን፣ ይህ በአጋጣሚ የሚጠበቀው ልክ ነው። ስለዚህ በሽታው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው አልን። ተማሪያችንን ግራ ያጋባውም ሁለቱን እንደ አንድ መቁጠሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግንኙነቱን አስቀድመው ያስተዋሉት እናቱ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ኮምፒዩተርህ እንጀራ ጠላ እንዴ?» ብለውት ኖሯል፤ እርሱ ግን ስቆ አልፎታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት እናስገባ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ያህል ሲሆን፣ የምጣዱ ሬዚስታንስ 14 ኦም ይጠጋል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን በመልቲሜትር ስናስለካ፣ በተማሪያችን ክፍል ሶኬት ላይ የነበረው 214 ቮልት ምጣዱ ሲበራ ወደ 188 ወረደ። በቆጣሪው ላይ ግን የወረደው 7 ቮልት ብቻ ነው። ታዲያ ቀሪው 19 ቮልት በግቢው ውስጥ የት ገባ? ከቆጣሪው እስከ ክፍሉ 30 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 60 ሜትር ነው። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በዚህ ርዝመት 0.4 ኦም ያህል ሬዚስታንስ ስላለው፣ በሚያልፍበት 13.6 አምፔር ከስድስት ቮልት ያነሰ ይወስዳል። አሥራ ሦስት ቮልት የት እንደደረሰ አልታወቀም።

አሥራ ሦስት ቮልት በ13.6 አምፔር ሲባዛ ወደ 180 ዋት ይሆናል። በአንድ ስፍራ ላይ ይህን ያህል ሙቀት የሚያመነጭ ነገር በግድግዳው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖሎች ሦስቱ በአንድነት ተጨምቀው የተቀበሩ ያህል። ይህን ቁጥር ካገኘን በኋላ የኮምፒዩተሩ ነገር ለጊዜው ተረሳ። ሠራተኛው ምጣዱን አስጠፍቶ፣ መብራቱን ከቆጣሪው ላይ ቆርጦ ወደ ክፍሉ የሚዞረውን መገናኛ ሣጥን ከፈተ። ሁለቱ ሽቦዎች ተጠማዝዘው በፕላስተር ብቻ ተጠቅልለው ነበር፤ ፕላስተሩ ቀልጧል፣ የሽቦው ልባስ ከሰል መስሏል፣ ሣጥኑን ያቀፈው እንጨትም ጠቁሯል። ከዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ይተኛል።

ኮምፒዩተሩ ለምን ይጠፋ እንደነበር ከዚህ በኋላ ለመረዳት አያዳግትም። ፓወር ሰፕላዩ የመስመሩን ኃይል በካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅማል፤ መስመሩ ለቅጽበት ሲቋረጥ ከዚያ ይቀዳል። የአንድ ካፓሲተር ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር የሚመጣጠን በመሆኑ፣ የቮልቴጅ ማስተካከያ በሌለው እንዲህ ባለ ቀላል ፓወር ሰፕላይ ቮልቴጁ ከ214 ወደ 188 ሲወርድ ክምችቱ በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ እንኳ በሙሉ ጭነት መስመሩ ቢቋረጥ እንዲቋቋም የሚጠበቀው 16 ወይም 17 ሚሊሰከንድ ነው፤ ይኸውም ከባለ 50 ኸርዝ መስመራችን አንድ ዙር፣ ከ20 ሚሊሰከንድ፣ ያነሰ ነው። የላላ መገናኛ ሲግልና ሲፈነጥቅ የሚያቋርጠው ጊዜ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ጌም ሲከፈት ግራፊክስ ካርዱ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ክምችቱ ይበልጥ ፈጥኖ ያልቃል። ተማሪያችን ጽሑፍ ሲጽፍ ያልጠፋው፣ ሲጫወት የጠፋው ኮምፒዩተር ምሥጢሩ ይህ ነው። (ይህን ለማየት ብሎ ማንም ፓወር ሰፕላዩን እንዳይፈታ እናሳስባለን። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ 300 ቮልት ሊቆይ ይችላል። የግድግዳውንም መስመር ባለሙያ ይንካው።)

መገናኛው በወጉ ተሠራ። ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት፣ በአራት ሰዓት ጋገራ፣ ድንገተኛ መጥፋት አልደረሰም። ሰማያዊው ስክሪን ግን በነበረበት ፍጥነት ቀጠለ። ሁለቱን በአንድ ቀን ለመጠገን ብንሞክር ኖሮ የትኛው ጥገና የትኛውን እንዳዳነ ባላወቅን ነበር።

ስለ ሁለተኛው በሽታ ተማሪያችን የራሱ ግምት ነበረው። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ማራገቢያው በሰከንድ ያንኑ ሊትር ቢገፋም የሚሸከመው ሙቀት ይቀንሳል። በ300 ዋት ጭነትና በሰከንድ 30 ሊትር አየር፣ በሣጥኑ ውስጥ የሚያልፈው አየር በባሕር ጠለል 8 ዲግሪ የሚሞቅ ከሆነ እዚህ 11 ዲግሪ ይሞቃል። ልዩነቱ አለ፤ ነገር ግን የሌሊታችን ቅዝቃዜ ከበቂ በላይ ይክሰዋል። የፉሪ አቧራ ይብሳል፤ እርሱንም በብሩሽ አጸዳነው። የፕሮሰሰሩ ሙቀት ሲለካ ከገደቡ በጣም የራቀ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ግምቱ ኮስሚክ ጨረር ነበር፤ ይህስ ለፋኩልቲያችን ደስ የሚል ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ዚግለርና ላንፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የኮምፒዩተር ማህደረ ትውስታን ሊያሳስት እንደሚችል አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጅየም፣ ስካርቤክ በተባለ ስፍራ በተደረገ ምርጫ አንዲት ተወዳዳሪ 4,096 ትርፍ ድምፅ አግኝታ ነበር። ቁጥሩ 2 በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ የሚገኝ በመሆኑ የአንዲት ቢት መገልበጥ እንደሆነና ምክንያቱም ጨረር ሊሆን እንደሚችል ተገምቷል። ከፍታ ጨረሩን ያበዛዋል፤ የምንኖረው በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አቅራቢያ በመሆኑ ደግሞ የምድር መግነጢስ ከፊሉን ይመልስልናል። አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1957–58 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፍ ጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በማድረግ የተቋቋመውም ለዚሁ መግነጢሳዊ ወገብ ካለው ቅርበት የተነሣ ነበር። ሆኖም በ60 ሰዓት 11 ጊዜ ያንኑ ኮምፒዩተር መርጦ የሚመታ ጨረር የለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሰፊ ጥናት የማህደረ ትውስታ ስህተት በተወሰኑ ካርዶች ላይ ተደጋግሞ እንደሚታይ፣ በዘፈቀደ እንደማይበተን አሳይተዋል። የሚደጋገም ስህተት ደግሞ የዕቃ ጉድለት ነው።

የፕሮሰሰሩ ራሱ ጥፋት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ በጊዜ ብዛት እንደሚጎዱ አምኖ ዋስትናቸውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። የተማሪያችን ፕሮሰሰር ከእነዚያ በዕድሜ የሚበልጥ ስለነበር ይህን አለፍነው።

ፍንጩን የሰጡት የሰማያዊ ስክሪኖቹ ቁጥሮች ናቸው። አንድ ድራይቨር ጥፋተኛ ቢሆን ያው ቁጥር በተደጋገመ ነበር፤ እነዚህ ግን በየጊዜው የተለያዩ ናቸው። የተጨመቁ ፋይሎችም አንዴ ይፈታሉ፣ አንዴ «ተበላሽቷል» ይላሉ። ይህ የራም ምልክት ነው። በራም ውስጥ እያንዳንዷ ቢት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኤሌክትሮኖችን የያዘች ኢምንት ካፓሲተር ናት፤ ኤሌክትሮኖቹ ስለሚያፈሱም በየ64 ሚሊሰከንዱ መታደስ አለባት። ተማሪያችን ከነበሩት ሁለት ካርዶች ላይ የሌላ ፋብሪካ ሁለት ካርዶች ጨምሮ፣ ሁሉንም በባዮስ ውስጥ ከመደበኛው በላይ በሆነ ፍጥነት ያስኬዳቸው ነበር። ሌሊቱን በሜምቴስት ስንፈትሽ አራቱ አብረው ሲሆኑ ስህተት ወጣ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲፈተኑ ግን ንጹሕ ነበሩ። ካርዶቹ ደህና ናቸው፤ አራቱን በዚያ ፍጥነት መሸከም ያቃተው የፕሮሰሰሩ የማህደረ ትውስታ መቆጣጠሪያ ነው። ፍጥነቱን ወደ መደበኛው አወረድን፤ ስህተቱም ጠፋ።

ጠፋ ወይስ ተሰወረ? ሰማያዊው ስክሪን በአማካይ በየ5.5 ሰዓቱ ይመጣ ነበር። እንዲህ ያለ የዘፈቀደ ክስተት ምንም ሳይጠገን አራት ሰዓት ሳይታይ የመቆየት ዕድሉ 48 በመቶ ነው። ተማሪያችን አዲሱን ግራፊክስ ካርድ ገዝቶ «ዳነ!» ያለበት ማስረጃ እንግዲህ ሳንቲም ወርውሮ አንበሳ ከማግኘት አይበልጥም ነበር። የመዳኑን ነገር በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመናገር የአማካዩን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 17 ሰዓት ገደማ፣ መጠበቅ ያስፈልጋል። እኛ 40 ሰዓት ጠበቅን። ምንም ሳይለወጥ ያን ያህል የመቆየት ዕድሉ ከሺህ አንድ አይሞላም።

የቀረው የመመረቂያ ሥራው ነው። ሰማያዊ ስክሪን እንዲያውም ምሕረት ያለው ስህተት ነው፤ መኖሩን ይናገራልና። በራም ውስጥ የተገለበጠች ቢት ግን በዝምታ ወደ ዲስክ ልትጻፍ ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ በፍላሽ የሚወሰደው ቅጂም ያንኑ ስህተት ይዞ ይቀመጣል። ከአራቱ ካርዶች በኋላ የተጻፉትን ፋይሎች ጓደኛው ዘንድ ከነበረው የቆየ ቅጂ ጋር ስናስተያይ፣ ጨርሶ የማይከፈቱ ሁለት ፋይሎችና አንድ ቁጥሩ የተለወጠ የመለኪያ ሠንጠረዥ አገኘን። ሠንጠረዡ ያለ ችግር ይከፈታል፤ በአንዱ መስመር ላይ ብቻ 37 የነበረው 53 ሆኗል። በሁለትዮሽ አጻጻፍ ሁለቱ ቁጥሮች በአንዲት ቢት ብቻ ይለያያሉ። ተማሪያችን አሁን የመለኪያ ቁጥሮቹን ከላቦራቶሪ ደብተሩ ላይ አንድ በአንድ እያመሳከረ ነው።