ሰናር ዘሩን ሲቆጥር

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1771 መጨረሻ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከጎንደር ተነሥቶ በራስ ፊል በኩል ወደ ቆላው ወረደ። ዛሬ ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበትን፣ የመከር ሠራተኛ ከእኛ አገር የሚጎርፍበትን የሱዳኑን የገዳሪፍ ሜዳ አቋረጠ። ጣዋ በምትባል የአትባራ አውራጃ ከተማ የሰናር ንጉሥ ሹም የነበረው ሼህ ገንዘብ አምጣ እያለ ሲያጉላላው ከረመ። ሰናር የገባው በ1772 ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ነበር። እዚያ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ እስከ ዛሬ የታሪክ ሰዎችን እያከራከረ ነው፦ ከገዳሪፍ እስከ ነጭ አባይ ያለውን አገር የሚገዙት ፉንጆች የማን ልጆች ናቸው?

ብሩስ የነገሥታቱን ዝርዝር የተቀበለው አሕመድ ከሚባል የቤተ መንግሥት ሹም ነው። ሰውየው ሲድ አል ቁም የሚል ማዕረግ ነበረው፤ የንጉሡን ቤት ያስተዳድራል። ብሩስ እንደጻፈው ሌላም ሥራ ነበረው። የመንግሥቱ ታላላቆች ተሰብስበው ይህ ንጉሥ ይበቃናል ካሉ በገዛ እጁ የሚገድለው እሱ ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው ሽንገላ አይጠበቅም፤ ለታሪክ ጠያቂ የተሻለ ምስክር ማግኘት ይከብዳል። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ፉንጆች በታንኳ ነጭ አባይን ይዘው የመጡ ሺሉኮች ናቸው አለ። በ1504 አርባጂ አጠገብ ዓረቦቹን ድል ነሡ፤ እስልምናንም የተቀበሉት በኋላ፣ ከካይሮ ጋር ለመነገድ ሲሉ ነው።

የቤተ መንግሥቱ ወግ ግን ሌላ ነበር። በ750 የደማስቆ ከሊፋዎች የነበሩት በኒ ኡመያ በአባሳውያን ተገልብጠው ሲታረዱ ያመለጡት ወደ ሐበሻ ምድር ተሻገሩ፤ ከዚያም ድንበሩን አልፈው ወደ ሰናር ወረዱ፤ የሰናር ነገሥታት የእነሱ ዘር ናቸው ይላል። ሐበሻ በዚህ ወግ ውስጥ መሸጋገሪያ ሆና መግባቷ የሚገርም አይደለም። የነቢዩ ተከታዮች ወደ ነጃሺ የተሰደዱበትን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሐበሻን የስደተኛ መጠጊያ አድርጎ ማሰብ ይቀለዋል።

ዘር መቁጠር የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ስሞቹን መቁጠር ነው። ከ750 እስከ 1504 ድረስ 754 ዓመት አለ። ለአንድ ትውልድ 30 ዓመት ብንሰጥ 25 ያህል ስም ሊኖር ይገባል። ከዚያ በጣም ካነሰ ሐረጉ ተዘልሏል፤ በጣም ከበዛ ተቀጥሏል። ፈተናው ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ጉድለት አለው፤ ሐረጉን የሚጽፈውም ሰው መቁጠር ያውቃል። ስለዚህ የሚበልጠው ጥያቄ የስሙ ቁጥር ሳይሆን፣ ይህ ሐረግ መጀመሪያ የተጻፈው መቼና ለማን ነው የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ለጎጃምና ለጎንደር ሽማግሌ ማስረዳት አያስፈልግም። በርስት ሙግት ዘመን ሰው ከአቅኚው አባት ጀምሮ በአባቱም በእናቱም በኩል እየቆጠረ ይከራከር ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ይህንኑ አጥንቶ በ1973 መጽሐፍ አሳትሟል። መሬት ካልተፈለገ ማንም እስከ አሥረኛ ምንጅላቱ አይቆጥርም፤ ሲፈለግ ደግሞ የማይገኝ ምንጅላት የለም። ሰናር ላይ የተፈለገው ርስት ዙፋኑ ነበር።

ለማን ተጻፈ ለሚለው መልስ የሚሰጥ የሚመስል አንድ ታሪክ አለ። በ1903 ካይሮ ላይ የሱዳንን ታሪክ በዓረብኛ ያሳተመው ሊባኖሳዊው ናዑም ሹቀይር እንደሚተርከው፣ የቱርኩ ሱልጣን ሰሊም ግብፅን ከያዘ በኋላ ወደ ሱዋኪንና ምፅዋ መጣ፤ ሰናርንም ሊወጋ አሰበ። የመጀመሪያው የፉንጅ ንጉሥ ዓማራ ዱንቀስ እኔም ሕዝቤም ዓረቦች ነን፣ ምን ሊጠቅምህ ትወጋናለህ ብሎ ጻፈለት፤ ከደብዳቤውም ጋር ሰመርቀንዲ የሚባል ሊቅ ያዘጋጀውን የነገዶቹን የዘር መጽሐፍ ላከለት። ሱልጣኑ ተደንቆ ተወው።

ታሪኩ ያምራል። ችግሩ ዘመኑ ላይ ነው። ሰሊም ግብፅን የያዘው በ1517 ነው፤ በ1520 ሞተ፤ ወደ ሱዋኪንና ምፅዋ አልደረሰም። ቱርኮች ምፅዋን የያዙት በ1557፣ በኦዝደሚር ፓሻ እጅ፣ ሰሊም ከሞተ 37 ዓመት በኋላ ነው። ተራኪው ሁለት ዘመን አጣብቆ አንድ አድርጎታል። እኔ ግን ይህን ታሪክ ውሸት ነው ብዬ ለመጣል አልቸኩልም። በሱዳን የተነገረ ነው፤ በውስጡም ሰዎቹ ራሳቸው የዘር መጽሐፍ እንዴት እንደሚወለድ ሲናገሩ እንሰማለን። ኃይለኛ ጎረቤት ሲመጣ፣ በትእዛዝ፣ በሊቅ እጅ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምስክርነት ከየት ይመጣል?

የዘር ወረቀት፣ ሱዳኖች ኒስባ የሚሉት፣ በየቤቱ ነበር። እንግሊዛዊው ሹም ሃሮልድ ማክማይክል እነዚህን እያስገለበጠ ሰብስቦ በ1922 በሁለት ቅጽ አሳተማቸው። አንዱን ከአንዱ ሲያስተያዩት የሚገርም ነገር ይታያል። ወደ ላይ፣ ወደ ነቢዩ ዘመን፣ ሁሉም ይጠራል፤ ወደ ታች፣ ወደ ባለቤቱ አያቶች፣ ሁሉም በደህና ይያዛል፤ መካከሉ ላይ ግን ይናጋል። ስም ይዛወራል፣ ወንድም አባት ይሆናል፣ ነገድ የሰው ስም ሆኖ ይገባል። ሐረግ የሚጠረጠረው እዚህ፣ ወገቡ ላይ ነው።

ከዚያ በ1933 ያልተጠበቀ ምስክር ብቅ አለ። ሂለልሰን የሚባል በሱዳን ያገለገለ ምሁር ዳዊት ርዑቤኒ የተባለ አይሁዳዊ ተጓዥ በዕብራይስጥ የተወውን ማስታወሻ ለሰናር ታሪክ አመጣው። ርዑቤኒ በ1523 በሱዋኪን በኩል ገብቶ በዓማራ ዱንቀስ ሰፈር ወራት ተቀምጧል። ከመንግሥቱ ምሥረታ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላም ማለት ነው፤ ብሩስ ከመምጣቱ ደግሞ 250 ዓመት ያህል ይቀድማል።

ሰውየው ራሱ የዘር አጥኚ ሊያገኝ የሚመኘው ጉድ ነው። በኋላ ሮም ሄዶ በ1524 ጳጳሱን ክሌመንስ ሰባተኛን፣ ቀጥሎም የፖርቱጋልን ንጉሥ፣ እኔ በዓረብ በረሃ ያሉት የጠፉት የእስራኤል ነገዶች ንጉሥ ወንድም ነኝ ብሏቸዋል። ሰናር ላይ ግን አይሁዳዊነቱን ደብቆ የነቢዩ ሙሐመድ ዘር፣ ሸሪፍ ነኝ አለ። እንግዲህ ዘሩን የፈጠረ እንግዳ ዘሩ ገና ባልተፈጠረ ንጉሥ ፊት ቆመ። በማስታወሻው ዓማራ ጥቁር ንጉሥ ነው፤ ጥቁሮችንም ነጮችንም ይገዛል፤ በአባይ ዳር ይቀመጣል። እንግዳውን የነቢዩ ልጅ እያለ በአክብሮት ያስተናግደዋል። በኋላ አንድ ሰው ይህ ሸሪፍ አይደለም ብሎ አሳጣው፤ ርዑቤኒም መንገዱን ቀጠለ።

እኔን የያዘኝ ርዑቤኒ የጻፈው ሳይሆን ያልጻፈው ነው። ንጉሡ እኔም ከቁረይሽ ነኝ፣ ዘመዶች ነን ሲል አንሰማም። ደማስቆ የለም፤ ከአባሳውያን ስላመለጠ ልዑል አንድ ቃል የለም። በእርግጥ ዝምታ ደካማ ማስረጃ ነው፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቶ የቀረው ግልባጩ ነው፤ ተራኪውም የማይታመን ሰው ነው። ቢሆንም የማይታመን ሰው የሚዋሸው ስለሚጠቅመው ነገር ነው። ርዑቤኒ ስለ ራሱ ዘር ይዋሻል፤ ስለ ዓማራ ዘር ግን የሚዋሽበት ምክንያት አይታየኝም።

የእንግሊዝ ሹማምንትም በሱዳን ማስታወሻዎች መጽሔት ላይ ስለ ፉንጆች ዘር ተሟገቱ። አንዱ ብሩስን ይደግፋል፤ አርክል የሚባለው ደግሞ ፉንጆች ከምዕራብ፣ ከቦርኑ ናቸው አለ። ክርክሩ ረጅም ነው፤ ፍሬው ጥቂት ነው። ሁሉም በአንድ ሐረግ ፈንታ ሌላ ሐረግ ለመትከል ይሯሯጡ ነበርና።

የተሻለው እርምጃ የመጣው ጥያቄው ሲለወጥ ነው። ፒተር ሆልት በ1963 ምንጮቹን በየዕድሜያቸው ደርድሮ የቱ ከየቱ እንደተቀዳ አሳየ። ጄይ ስፖልዲንግ በ1972 ደግሞ ፉንጆች የደቡብ ኑብያ ሰዎች እንደሆኑ ሲከራከር ዓይኑን ወደ እናቶቹ አዞረ። በጥንቱ የሰናር ሥርዓት ለዙፋን የሚያበቃው የንጉሡ ልጅ መሆን ብቻ ሳይሆን እናትየዋ ከነገሥታቱ ወገን፣ ከኡንሳብ መሆኗ ነበር። በ1720 ገደማ የኡንሳብ መስመር ተቋርጦ ኑል የሚባል ሰው ሲነግሥ እንኳ ተገቢ ያሰኘው በእናቱ በኩል ያለው ዝምድና ነው። ዘሩን በእናት የሚቆጥር ቤት ከአባት ወደ አባት ብቻ የሚወጣ የደማስቆ ሐረግ ምን ያደርግለታል? ምንም። ሐረጉ የሚያስፈልገው የአባት ቆጠራ ክብር ሲሆን፣ ነጋዴውና የሸሪዓ ዳኛው ሲበረቱ ነው፤ ስፖልዲንግም ይህን ለውጥ የሚያየው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ወድ ደይፈላህ የተባለው ሱዳናዊ ሊቅ በ1800ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው የቅዱሳን ገድል፣ ጠበቃት፣ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ፉንጆች በነገሡ ጊዜ በአገሩ የቁርኣን ትምህርት እንዳልነበረ፣ የተፈታች ሴት የቆይታ ጊዜዋን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ታገባ እንደነበር፣ ነገሩ የተስተካከለው ማሕሙድ አል ዐረኪ ከግብፅ መጥቶ ሲያስተምር እንደሆነ ይናገራል። ብሩስ ከተናገረው ጋር እንጂ ከከሊፋዎች ልጆች ጋር የሚሄድ ምስክርነት አይደለም። ደግሞም የተናገረው ባዕድ ሳይሆን የአገሩ ሊቅ ነው።

ይህን ሁሉ ስናነብ በሰናር መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ከድንበሩ ወዲህ ያለው ቤተ መንግሥት ዘሩን ከንጉሥ ሰሎሞን ይቆጥር ነበር። ዙፋኑን ያጣው የፉንጅ ንጉሥ ዓብደል ቃድር በሱስንዮስ ጥላ ሥር ጭልጋ ላይ ተቀምጧል፤ በ1744 የዳግማዊ ኢያሱ ጦር ዲንደር ወንዝ አጠገብ በባዲ አቡ ሺሉክ ጦር ተመታ። በአንዱ ወገን የሰሎሞን ልጅ፣ በሌላው የኡመያ ልጅ የተባለ ንጉሥ ማለት ነው። የቋራው ካሣ፣ ጠላቶቹ እናቱን ኮሶ ሻጭ እያሉ የሰደቡት፣ ቴዎድሮስ ተብሎ ከነገሠ በኋላ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፍ ስለ አባቶቹ ነገሥታት ይናገራል። የ1955ቱ ሕገ መንግሥትም የሰሎሞንን ሐረግ በአንቀጽ አስፍሮ ነበር።

ወደ ድንበሩ ብንመለስ፣ ገዳሪፍ ራሷ ቀድሞ ሱቅ አቡ ሲን ትባል የነበረችው በሹክሪያ ነገድ ሼኮች ቤተሰብ ስም ነው። ከዚያ ወደ ሰቲት ብንዘልቅ ደግሞ የሸንዲው መክ ኒምር ይገኛል። በ1822 የግብፁን ኢስማኢል ፓሻ ካቃጠለ በኋላ ወደ ድንበራችን የሸሸ የጀዓሊን ነገድ አለቃ ነው። ጀዓሊኖች የነቢዩ አጎት የአባስ ልጆች ነን ይላሉ። በወጉ መሠረት የኡመያን ቤት ያረዱት አባሳውያን ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን ወጎች እንደ ቃላቸው ከተቀበልን ገዳይና ሟች በአንድ የአባይ ዳር ጎረቤት ሆነው ለዘመናት አብረው ኖሩ ማለት ነው።

ደም ምን ይላል? በ2017 የታተመ ጥናት ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን 18 ሕዝቦች የመጡ 221 ሰዎችን ዘረመል መርምሯል። የሱዳን ዓረቦች፣ ኑብያዎችና ቤጃዎች እርስ በርስ በጣም ይቀራረባሉ፤ ከውጭ የገባ ደምም በሁሉም ውስጥ አለ፤ የገባበትም ጊዜ ከዓረቦች መስፋፋት ጋር ይገጥማል። ስለዚህ አንድም ዓረብ አልመጣም የሚለውም፣ ሁላችንም ከዓረብ የመጣን ነን የሚለውም አይቆምም። የመጡት ከነበሩት ጋር ተጋቡ፤ ልጆቹ የሁለቱም ናቸው፤ ወረቀቱ ግን አንዱን ወገን ብቻ ጻፈ። የዙፋኑን ሐረግ በተመለከተ ደግሞ ዘረመል ዝም ይላል። የዓማራ ዱንቀስ አባት ማን እንደሆነ በሺህ ሰው ምራቅ አይታወቅም።

የብሩስ ነገር ሳይነሣ አይታለፍ። በስኮትላንድ ነገሥታት ደሙ ይኮራ የነበረው ይህ ሰው የብሩስን ስም ያገኘው በሴት በኩል ነው። በአባቱ በኩል ሔይ የሚባል ቤተሰብ ነው፤ አያቱ የብሩስን ወራሽ አግብቶ ስሟን ወሰደ። ሰናር ቢሆን ኖሮ ማንም አይጠይቀውም ነበር።

በ2024 ክረምት የሱዳን ጦርነት ወደ ሲንጃ ከተማ ሲደርስ ከሰናር አካባቢ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ሸሸ። ከዚያ በፊት፣ በ2023 ግንቦት፣ በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሱዳን ጥናት ማዕከል ከነመጻሕፍቱ ተቃጥሏል። እንዲህ ያለ ጊዜ የሚጠፋው ኒስባው ብቻ አይደለም፤ ለተመራማሪ ከኒስባ የሚበልጠው የፉንጅ ነገሥታት የመሬት ደብዳቤም አብሮ ይጠፋል። ደብዳቤው ላይ ማኅተም አለ፣ ቀን አለ፣ የምስክሮች ስም ተራ በተራ አለ። ማንንም ከማንም ለማስወለድ አልተጻፈም፤ ዕለቱን በዚያ ስፍራ የነበሩትን ሰዎች ለማስያዝ ነው። ደግነቱ የሱዳን ቤተ መዛግብት ኃላፊ የነበረው ሙሐመድ ኢብራሂም አቡ ሰሊም በ1967 ብቻውን፣ ከስፖልዲንግ ጋር ደግሞ በ1989 ብዙዎቹን አሳትሟቸዋል። ከነዚያ ምስክሮች መካከል አያቱን ያገኘ የሰናር ተፈናቃይ ቢኖር 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ መሬት የረገጠ ሐረግ ይዟል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ያለውን ሺህ ዓመት ሐረግ ለሚጽፈው ሊቅ ሊተውለት ይችላል።