ቡችላ ሲመረጥ

ደብረ ብርሃን ላይ ውሻ ያማረው ሰው ብዙውን ጊዜ መጠለያ አይፈልግም። ጎረቤት የወለደች ውሻ ካለች «አንድ አስቀሩልኝ» ብሎ ይልካል፤ ቀኑ ሲደርስ በጆንያ ወይም በካርቶን ይዞ ይመለሳል። ምርጫውም በአፍታ ያልቃል፦ ወንድ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ደረቱ ሰፊ ነው። አቅም ያለው ደግሞ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር አስጭኖ «የፈረንጅ ዘር» ያስመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ በበጎ ፈቃደኞች ጥረት የሚኖሩ ጥቂት መጠለያዎች የጎዳና ውሾችን አክመው ለአሳዳጊ ይሰጣሉ። እዚያም ቢሆን የጎብኚው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው መልክ ላይ ነው።

መልክ ግን ስለ ጠባይ የሚናገረው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት የከ18 ሺህ በላይ ውሾች ባለቤቶችን ስለ ውሾቻቸው ጠባይ ጠይቆ፣ ከ2 ሺህ የሚበልጡ ውሾችን ዲኤንኤ ደግሞ መርምሯል። በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ዝርያ ሊያስረዳ የቻለው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ለትእዛዝ በመገዛት ረገድ ዝርያ በመጠኑ ፍንጭ ይሰጣል፤ ቁጣ ላይ ግን የሚረባ ነገር አይናገርም። ስለዚህ «ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ ሌባ አያስገባም» ብሎ ብዙ ሺህ ብር የከፈለ ሰው ገንዘቡን ያወጣው በአብዛኛው ለጆሮውና ለጅራቱ ነው።

ታዲያ ጠባዩን ፈትኖ መውሰድ አይሻልም? ይህም እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መጠለያዎች ውሻው ሲበላ ሰሐኑን በሰው ሠራሽ እጅ እየነኩ፣ አሻንጉሊት እያሳዩ ይናከስ እንደሆነ ይፈትኑ ነበር። ተመራማሪዎቹ ጋሪ ፓትሮኔክና ጃኒስ ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ2016 የእነዚህን ፈተናዎች አስተማማኝነት በስሌት መርምረው ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እንደማይሻሉ ጻፉ። ምክንያቱ ብዙም አይርቅም። ጩኸት በበዛበት፣ የሚያውቀው ሰው በሌለበት ስፍራ የታሰረ ውሻ እውነተኛ ጠባዩን አያሳይም። በአምስት የአሜሪካ መጠለያዎች የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ውሾቹ አንድ ሁለት ሌሊት ሰው ቤት ሲያድሩ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞናቸው እንደቀነሰ፣ ወደ መጠለያው ሲመለሱ ግን እንደገና ከፍ እንዳለ አሳይቷል። ይህ ለሰሜን ሸዋም ይሠራል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚዋከብ ውሻ ከሰንሰለቱ ተፈትቶ፣ ከግቢው ወጣ ብሎ ሳይታይ «ክፉ ነው» ወይም «ጎበዝ ጠባቂ ነው» ሊባል አይገባም። ለመምረጥ የሄደ ሰው ቢቻል ሁለት ጊዜ ይሂድ። ቁጭ ብሎ ይጠብቅ፤ ራሱ መጥቶ የሚያሸተውንና አጠገቡ የሚጋደመውን ይይ።

ቡችላ ከሆነ ዋናው ጥያቄ ዕድሜው ነው። ተመራማሪዎቹ ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በአሜሪካ ሜይን ግዛት በሚገኝ የምርምር ጣቢያ ለዓመታት ቡችሎችን አሳድገው እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያለውን ጊዜ ቡችላው ማንን ወዳጅ፣ ማንን ባዕድ እንደሚያደርግ የሚወሰንበት ወቅት አድርገው አስቀመጡት። በዚያው የምርምር ጣቢያ እስከ 14 ሳምንት ከሰው ርቀው ያደጉ ቡችሎች ከዚያ በኋላ ሰው ሲቀርባቸው እንደ ዱር አውሬ ይሸሹ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ስህተቱ የሚሠራው በሌላኛው በኩል ነው፤ «ሰው እንዲለምድ» ተብሎ ገና በወሩ ከእናቱ ይነጠላል። ጣሊያን ውስጥ 140 ውሾችን ያነጻጸረ ጥናት በ30 እና በ40 ቀን መካከል የተለዩት፣ ሁለት ወር ከሞላቸው በኋላ ከተለዩት ይልቅ ሲያድጉ ፈሪ፣ ጯሂና ድምፅ የሚያስደነግጣቸው ሆነው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ንክሻን መቆጠብ ቡችላ የሚማረው ከወንድሞቹና ከእናቱ ነው። ስምንት ሳምንት መታገስ ያዋጣል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደግሞ እንደ ቤቱ ይለያያሉ። አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በተራራቀበት መንደር የሚያድግ ቡችላ የቤተሰቡን ፊት ብቻ እያየ ከከረመ፣ የንስሐ አባት ለጠበል ጸዲቅ ሲመጡ እሳቸውንም እንደ ጅብ ይቆጥራል። ልጆች፣ ካህን፣ ዶሮ፣ ግልገል፣ አህያ፣ ሁሉንም በጊዜ ማየት አለበት። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ተከራዮች በሚጋሩት ጠባብ ግቢ ደግሞ ባጃጅና የብረት በር ድምፅ ይለመድ። ሌሊት ለሚጠብቅ ውሻ ግዙፍነት ግዴታ አይደለም፤ ጅብንም ሌባንም ቀድሞ የሚያስታውቀው ጩኸቱ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ደግሞ ጠጉረ አጭሩ «የፈረንጅ» ቡችላ ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ ጭድ ካልተነጠፈለት ይጎዳል።

በበግ አገር ውሻ የሚወስድ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ፣ ግን ብዙም የማይጠየቅ ነገር አለ፦ ምን ሲበላ አደገ?

አንድ በግ አንገቱን አዙሮ፣ መንጋውን ትቶ በአንድ ወገን ብቻ ክብ እየሠራ ሲዞር ገበሬው «አዙሪት ያዘው» ይላል። የበጉን የራስ ቅል የከፈተ ሰው አንጎሉ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያገኛል፤ በከረጢቱ ግድግዳ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ የሚታዩ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። እያንዳንዱ ነጥብ የኮሶ ትል ራስ ነው። በጉ ታርዶ ጭንቅላቱ ለውሻ ሲጣል ነጥቦቹ በውሻው አንጀት ውስጥ ይለጠፉና በስድስት ሳምንት ገደማ ጎልማሳ ትሎች ይሆናሉ። እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣሩ ላይ ይወድቃል፤ ሣሩን ሌላ በግ ይግጠዋል። በጉን ለአዙሪት የሚዳርገው እንግዲህ በጉን የሚጠብቀው ውሻ ነው። ሳንባና ጉበት ላይ የሚወጣው ሌላው የውሻ ትል ከረጢት ደግሞ ለሰውም ይተርፋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ጭንቅላትና የሆድ ዕቃ ቀቅሎ መስጠት ወይም አርቆ መቅበር፣ አዲስ ለመጣው ውሻ ደግሞ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት መስጠት። የአንድ ጊዜ ክኒን ግን አይበቃም። ጥሬ የሆድ ዕቃ እስካገኘ ድረስ ትሉ ይመለሳል።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ የሚባለው አጭር ነው። በዓለም በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው አብዛኛው የሚመጣው ከውሻ ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ክትባቱም በየጊዜው ይደገማል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በፍጥነት ጤና ተቋም ይሂድ።

ክትባቱ ለሰው ብቻ አይደለም። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ ያሉት ጎልማሶች ከ500 ያንሳሉ፣ ሁሉም በኢትዮጵያ ደጋ ነው ያሉት። ባሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ የዌብ ሸለቆ ቀበሮዎችን አብዛኛውን ፈጅቷል፤ ምንጩም የሰው ውሾች ናቸው። በዚያው ሸለቆ ወንድ ውሻ ከሴት ቀበሮ ጋር ተዳቅሎ የተወለዱ ክልሶች በዘር ምርመራ ተለይተዋል። ለዚህ ነው በጓሳ ዙሪያ የሚኖር ቤተሰብ ወንድ ቡችላ ከመረጠ፣ ለክትባት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በሄደበት ቀን ስለ ማኮላሸቱም አብሮ መጠየቅ ያለበት። በጎቹ ወደ ግጦሽ ሲወጡም ውሻው ከቀበሮ ጋር እንዳይገናኝ ቤት ቢቀር ይሻላል።